ሲንተቲኩ ከሴይስሚኩ ጋር አልገጥም አለኝ፤ 35 ሚሊሰከንድ ዝቅ ይላል

የሳቢያኗ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነኝ፤ የማስተርስ ጽሑፌ የነዳጅ ሪዘርቭዋር (ዘይትና ጋዝ የያዘ የከርሰ ምድር ድንጋይ) ሞዴል ላይ ነው። የኦጋዴን መረጃ እጄ ላይ ስለሌለ ኢኩዊኖር እ.ኤ.አ. በ2018 በነፃ በለቀቀው የቮልቭ መረጃ ነው የምሠራው፤ ኖርዌይ፣ ሰሜን ባሕር ላይ ያለው ማለቴ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የድምፅ ፍጥነትንና የድንጋይ እፍጋትን ከሚለኩት ከሶኒክና ከዴንሲቲ ሎጉ ሲንተቲክ፣ ማለትም በስሌት የተሠራ ሴይስሚክ፣ አወጣሁ። ሁጊን የሚባለው አሸዋ ድንጋይ አናት ላይ ግን ከሴይስሚኩ (ወደ ምድር ተልኮ ከተመለሰ ሞገድ ከተሠራው ምስል) 35 ሚሊሰከንድ ገደማ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ትናንት ማታ እንዲገጥም ሎጉን ስጎትተው ስጨምቀው ኮሪሌሽኑ (የሁለቱ መመሳሰል) 0.8 መጣልኝ፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ዛሬ ሁለተኛውን ጉድጓድ ስጭን ያው 35! ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ደግሞስ በጉድጓዶቹ መሃል ያለውን ፖሮሲቲ (የድንጋዩን ባዶ ቀዳዳ ድርሻ) በምን ልሙላው?

የከዚራ ልጅ
አቦ ፖላሪቲውን (የሞገዱን ከፍታና ዝቅታ) ገልብጪው፣ ያልቃል። እኔ ሁለት ሳምንት የተቃጠልኩት በሱ ነው።

ጂኦፊዚክስ ከሐረር
ፖላሪቲ አይመስለኝም። ሪዘርቭዋሩ ጋ ሞገዱ 25 ኸርዝ ገደማ ከሆነ አንዱ ዑደት 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ ፖላሪቲ ቢገለበጥ የሚያሳስተው በግማሹ፣ በ20 ነው። ሁለት ጉድጓድ ላይ እኩል ከተዛነፈ ደግሞ ችግሩ ከድንጋዩ ሳይሆን ከቁጥሩ መነሻ ነው። እህቴ፣ የቼክሾት ሰንጠረዥሽ (ሞገዱ ለየጥልቀቱ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው) ጥልቀቱን ከየት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው? የላስ ፋይሉ (የሎጉ ፋይል) ራስጌ ላይስ የኬሊ ቡሺንግ፣ መቆፈሪያው መድረክ ወለል ላይ ያለው፣ ከፍታ ስንት ይላል?

የሳቢያኗ
ሰንጠረዡ ከባሕር ጠለል ነው። ኬሊ ቡሺንጉ 55 ሜትር ገደማ ይላል። ወይኔ።

ጂኦፊዚክስ ከሐረር
እሱ ነው። ሎጉ የሚቆጥረው ከመቆፈሪያው መድረክ ወለል ነው፤ መድረኩ ደግሞ ከባሕሩ በላይ 55 ሜትር ቆሟል። አንቺ ያንን ጥልቀት ሳትቀንሺ ከባሕር ጠለል በሚጀምር ሰንጠረዥ አነበብሽው። እዚያ ጥልቀት ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 3,000 ሜትር ገደማ ነው እንበል፤ ሞገዱ ወርዶ ስለሚመለስ 2 ጊዜ 55፣ ለ3,000 ሲካፈል 37 ሚሊሰከንድ። ያንቺው ቁጥር። የዴቪዬሽን ሰርቬዩንም (የጉድጓዱን ዝንባሌ ልኬት) መጫንሽን አረጋግጪ፤ የቮልቭ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ዘመም ያሉ ናቸው።

የትናንቱን ጉተታ ግን ሰርዢው። ሎግ ተጎትቶ 0.8 ሲመጣ ግጥምጥሙ አስገድዶ ማጋባት ነው፤ ሶኒኩ የለካውን ፍጥነት አንቺ ለወጥሽው፣ ኢምፒዳንሱም (ፍጥነቱ በእፍጋቱ ሲባዛ) አብሮ ተበላሸ። መነሻው ተስተካክሎ ሦስት አራት ሚሊሰከንድ ቢቀር ግን ትንሽ ብትነኪው አልቃወምም።

ውሃ ቆፋሪ
እኛም ጋ ያለ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የውሃውን ከፍታ ከኬዚንጉ (ከጉድጓዱ ቧንቧ) አፍ ለክተን መዝገቡ ላይ ከመሬት ብለን ጻፍነው። ኬዚንጉ ከመሬት 80 ሳንቲም ወጥቷል። በዓመቱ ሌላ ሰው ከመሬት በትክክል ሲለካ ውሃው 80 ሳንቲም ከፍ ያለ መሰለ፤ ዝናቡ ጥሩ ነበር እየተባለ ሲወራ ነበር።

ጡረተኛው ጂኦሎጂስት
ልጄ፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው የሚከብደው። ሎጉ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ይለካል፤ ከጉድጓዱ አንድ እርምጃ ስትርቂ ግን ያለሽ ሴይስሚኩ ብቻ ነው። እሱም ውፍረትን ለይቶ የሚያየው የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህል ነው፦ 3,000 ለ25 ሲካፈል 120 ሜትር፣ ሩቡ 30። አሥር ሜትር አሸዋ አናቱና ግርጌው ተለይቶ አይታይሽም።

ስለዚህ ፖሮሲቲውን ከመሙላትሽ በፊት ፋሲየሱን (የድንጋዩን ዓይነት) አስቀምጪ፤ የአሸዋና የሼል (የሸክላ ድንጋይ) ፖሮሲቲ ባንድ ላይ ሲማካከል የትም የሌለ ድንጋይ ይወጣል። ከዚያ ሎጉን ወደ ሞዴሉ ሴሎች አማክዪ። ክሪጊንግ (በዙሪያ ካሉ ልኬቶች በተመዘነ አማካይ መሙላት) ብቻ ከተጠቀምሽ መሃሉ እንደ ተበጠበጠ አጥሚት ልስልስ ይልና ጥሩውም መጥፎውም ይጠፋል፤ ዘይትና ውሃ የሚፈሱት ደግሞ በነዚያ ጽንፎች ነው። በጋውሲያን ሲሙሌሽን፣ ልዩነቱን ሳያለሰልስ በዕጣ በሚሞላው ዘዴ፣ ብዙ ሞዴል አውጪ። የሴይስሚክ ኢምፒዳንሱን እንደ አጋዥ የምትጨምሪው ግን ጉድጓዶቹ ላይ ከፖሮሲቲ ጋር መያያዙን ክሮስፕሎት (አንዱን በሌላው ላይ የሚያሳይ ግራፍ) ሠርተሽ ካየሽ ብቻ ነው።

በሁለት ጉድጓድ የአግድሙን ቫሪዮግራም (ልዩነቱ በርቀት እንዴት እንደሚያድግ) አሰላለሁ ብለሽ አትድከሚ፣ አይወጣም። ቁመቱን ከሎጉ ውሰጂ፣ አግድሙን ግን ከሴይስሚኩ ወይም ውጭ ከሚታይ ድንጋይ። ድንጋይ ካልሽ ደጅሽ ላይ ነው። ኦጋዴን ካሉብ ላይ ከምድር በታች ጋዝ የያዘው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ድሬ ዙሪያ ፀሐይ እየሞቀ ነው። የሁጊንን ቁጥር አይሰጥሽም፤ ግን አንዱ የአሸዋ ንጣፍ ስንት ሜትር ሄዶ እንደሚቀጥን በእግርሽ ለክተሽ ታዪዋለሽ። ከደንገጎ ወደ ድሬ ስትወርጂም መሬቱ በፎልት (በመሬት ስንጥቅ) ደረጃ ደረጃ እየሠራ ነው የሚወርደው። ከደረጃዎቹ ትንንሾቹን ሴይስሚክ ላይ ብትፈልጊ አታገኚያቸውም ነበር።

የከዚራ ልጅ
ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት ድንጋይ ልኪ ይሏታል!

ጡረተኛው ጂኦሎጂስት
በ12 ሰዓት ትነሳ፣ በ4 ሰዓት ትመለስ።

የሳቢያኗ
55ቱን ቀነስኩ። የመጀመሪያው 3 ሚሊሰከንድ ቀረው፣ ሁለተኛው 4፤ ሳልጎትት። የትናንቱን ፋይል አጠፋሁት። ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሜትር ይዤ እወጣለሁ፤ ክሮስፕሎቱን ደግሞ መብራት ሲመጣ እለጥፈዋለሁ።