ሁለት ተሳቢ ስንጎትት የቱ ይቅደም? (ጥያቄና መልስ)

የአውሮራ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሲዲኤሌ (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዴ) ላይ የደብልስ (ሁለት ተሳቢ የመጎተት) ፈቃድ አስጨምሬ የሌሊት መስመር ጀምሬያለሁ። ከዴንቨር በላራሚ አድርጌ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው የምሄደው። ተሳቢዎቹ ሁለቱም ባለ 28 ጫማ ናቸው። ለነገ አንዱ 20 ሺህ ፓውንድ ጭኗል፣ ሌላው 7 ሺህ ብቻ። ያርድ (ተሳቢዎቹ የሚቆሙበት ግቢ) ላይ ያለው ሰውዬ «ከባዱ እዚያ ቶሎ ስለሚፈለግ ከኋላ ይሁንና መጀመሪያ ትፈታዋለህ» አለኝ። ልክ ነው? ዶሊውን (የኋለኛውን ተሳቢ ከፊተኛው ጋር የሚያገናኘውን ጎማ ያለው ማያያዣ) ብቻዬን ስቀጥልም ቅደም ተከተሉ ይምታታብኛል።

ሌሊት ነጂ፦ በፍጹም ወንድሜ። ከባዱ ከትራኩ ቀጥሎ፣ ቀላሉ ከኋላ። ለፈተና ያጠናኸው የሲዲኤል መጽሐፍም የሚለው ይህንኑ ነው። መሪውን ትንሽ ስትነካ አንተ ጋ ምንም አይመስልም፤ የመጨረሻው ተሳቢ ጋ ሲደርስ ግን ገዝፎ ነው። የቡሄ ጅራፍ አስብ፤ የሚጮኸው ጫፉ ነው። ሦስት ተሳቢ ሲጎተት የመጨረሻው የመገልበጥ ዕድሉ ከተራው ባለ አምስት አክስል ትራክ 3.5 እጥፍ እንደሆነ እዚያው መጽሐፍ ላይ አለ። ጫፉ ላይ ክብደት ስትጨምርበት ምን እንደሚሆን አስበው።

ባለ ጎማ፦ ኧረ አታስፈራሩት። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን እኔ በማውረጃው ቅደም ተከተል ነው የምቀጥለው፣ ምንም ሆኜ አላውቅም።

ሌሊት ነጂ፦ 20 እና 7 ትንሽ ልዩነት ነው እንዴ?

የሲያትሏ፦ ስለ ዶሊው እኔ ልመልስ። መጀመሪያ የኋለኛው ተሳቢ ፍሬን መያዙን አረጋግጥ። ከዚያ ትራኩን ከፊተኛው ጋር ቀጥል። ዶሊውን ከፊተኛው ኋላ ፒንትል ሁኩ (መጎተቻ መንጠቆው) ላይ አስገብተህ ቆልፍ፣ የዶሊውን እግር አንሳ፣ ቀጥ ብለህ ወደ ኋላ እየሄድክ ከኋለኛው ስር አስገባው። የኋለኛው ከፍታ ከዶሊው ፊፍዝ ዊል (ተሳቢው የሚያርፍበት ሰሃን) መሃል ትንሽ ዝቅ ይበል። ከፍ ካለ በደንብ አይያያዝም። ጎተት አድርገህ ሞክር፣ ግን በሱ ብቻ አትመን። ባትሪ ይዘህ ጎንበስ በልና የፊፍዝ ዊሉ መንጋጋ ኪንግ ፒኑ (ከተሳቢው ስር ያለው ፒን) ላይ መዘጋቱን በዓይንህ እይ። ከዚያ ሰንሰለቱ፣ የአየር ቱቦዎቹ፣ የመብራት ገመዱ።

ሰው የሚሳሳተው የአየር መስመር ቫልቮቹ ላይ ነው። ከፊተኛው ተሳቢ ኋላ ያሉት ክፍት፣ ከመጨረሻው ኋላ ያሉት ዝግ ይሁኑ። አየር ከሞላህ በኋላ እስከ መጨረሻው ሂድና የኢመርጀንሲውን (የድንገተኛ ፍሬኑን መስመር) ቫልቭ ከፈት አድርገህ እይ። ካልተነፈሰ እንዳትንቀሳቀስ፣ የሆነ ቦታ ተዘግቷል ማለት ነው። የእጅ ቫልቩን (የተሳቢውን ፍሬን መያዣ) ስበህ ሰርቪሱንም (የመደበኛ ፍሬኑን መስመር) እንደዚያው ፈትሽ። አይተህ ስትጨርስ ሁለቱንም መልሰህ ዝጋቸው።

አዋሽ አርባ፦ እኛም ጅቡቲ መስመር ላይ ከነተሳቢው ስንነዳ ነገሩ ያው ነው። መኪናው ቀሎ ተሳቢው ከከበደ ቁልቁለት ላይ ይገፋሃል። ፍሬን የምትይዘው አንተ ነህ፣ የሚወስነው እሱ።

ባለ ጎማ፦ እሺ፣ ለዚህ ጭነት ትክክል ናችሁ። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ኢንተርስቴት 80 ላይ፣ ከላራሚ እስከ ሮሊንስ፣ በተለይ አርሊንግተንና ኤልክ ማውንቴን አካባቢ ነፋሱ ጨካኝ ነው። 7 ሺህ የጫነ ተሳቢ ለነፋስ ባዶ ማለት ነው። ከመነሳትህ በፊት የዋዮሚንግን 511 (የመንገድ ሁኔታ መረጃ) እይ። ለቀላልና ረጃጅም መኪኖች ተዘግቷል ካለ ያንተ ጉዳይ ነው፣ ቁም። ክፍት ቢሆንም ፍጥነት ቀንስ። ሲገፋህ መሪውን መንጭቀህ አትመልስ።

የአውሮራ ልጅ፦ እግዜር ይስጣችሁ። ሰውዬው አሻፈረኝ ቢልስ? ደግሞ ጠባብ ቦታ ገብቼ ወደ ኋላ መሄድ ቢያስፈልገኝ?

ሌሊት ነጂ፦ ክብደቱን ጽፈህ ለዲስፓች (ጉዞ ለሚመድበው ክፍል) ላክ፣ «ከባዱን ከፊት አድርጌ ነው የምወጣው» በል። በጽሑፍ ሲሆን ማንም አይከራከርህም። መንገድ ላይ የሚጠየቀው ሹፌሩ እንጂ እሱ አይደለም።

የሲያትሏ፦ ወደ ኋላ የሚባለውን እርሳው፣ ዶሊው ወዲያው ይታጠፍብሃል። ዞረህ የምትወጣበት ቦታ ብቻ ግባ፣ ከተያዝክ ፍታው። ስትፈታ ደግሞ ዶሊው ከኋለኛው ተሳቢ ስር እያለ ፒንትል ሁኩን በፍጹም እንዳትከፍት። የዶሊው መጎተቻ ዘንግ ተፈናጥሮ ሊመታህ ይችላል።