ጆን ሉዊስ ማነው ብላ ለጠየቀችኝ የ5 ዓመት ልጅ ምን ልበላት?

የፋራጉት ጎረቤት፦
ሰላም የዲሲ ሰዎች፣ በቅርቡ 14ኛው መንገድ አካባቢ ገብተን ልጄ ኪንደርጋርተን የምትጀምረው ጆን ሉዊስ ኤለመንተሪ ነው፣ ሕንፃው በጣም ደስ ይላል ግን አንዷ ጎረቤቴ እስካሁን "ዌስት" ነው የምትለው፣ ስሙ ለምን ተቀየረ? ደግሞ ልጄ "ጆን ሉዊስ ማነው?" ስትለኝ ለጥቁሮች መብት የታገለ ሰው ነው ብዬ ዝም አልኩ። አላባማ ውስጥ ሰልማ የምትባል ከተማ ድልድይ ላይ ሲደበደብ የሚያሳየውን ፎቶ አይቼ ደነገጥኩ፣ ይሄ ለሕፃን እንዴት ይነገራል?

የሁለት ልጆች አባት፦
እንኳን ደህና መጣችሁ። እድሳት ይባል እንጂ የ70ዎቹን ሕንፃ አፍርሰው እንደ አዲስ ነው የሰሩት፣ 2021 ላይ ሲከፈት በአዲሱ ስም ነው። ጣሪያው ሙሉ ሶላር ነው፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣው የመሬቱን ሙቀት ይጠቀማል፣ በዓመት የሚፈጀውን ኃይል ራሱ እንዲያመነጭ ታስቦ ነው የተሰራው። ዌስት ደግሞ የጦር መኮንን ነበር፣ በ1863 ማንጋስ ኮሎራዳስ የሚባለው የአፓቼ (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ) መሪ ለሰላም ንግግር መጥቶ ተይዞ የተገደለው በሱ ወታደሮች እጅ ነው። የልጆች ትምህርት ቤት በዚህ ሰው ስም መጠራቱ እኔን ሁሌም ይከነክነኝ ነበር። ስብሰባ ስትሄጂ ደግሞ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቂ፣ ከ2004 ጀምሮ የከተማው ሕግ ነው፣ እንዳታፍሪ።

እትዬ መምህሯ፦
የኔ እህት ከድልድዩ አትጀምሪ፣ ከዶሮዎቹ ጀምሪ። አላባማ ትሮይ አካባቢ የእኩል አራሽ ልጅ ሆኖ ሲያድግ ዶሮ መጠበቅ የሱ ሥራ ነበር፣ ሰብስቦ ይሰብክላቸው ነበር፣ ሲሞቱም ቀብር ያደርግላቸዋል። ልጆች ይሄን ሲሰሙ ይወዱታል። ከዛ ወደ ላይብረሪው ሂጂ፣ በ1956 በ16 ዓመቱ ካርድ ሊያወጣ ሄዶ ለነጮች ብቻ ነው ተብሎ ተመለሰ። ካርዱን የሰጡት በ1998 ነው፣ ያኔ የኮንግረስ አባል ሆኖ ስንት ዓመቱ! አምስት ዓመት ልጅ "አይሆንም" መባልን በደንብ ታውቃለች፣ በቀለሙ ምክንያት መሆኑን ስትነግሪያት ያማታል፣ ይመማት።

ሸገር ልጅ፦
እትዬ ልክ ነሽ ግን ድልድዩንም አንደብቅ። መጋቢት 7 ቀን 1965 (በፈረንጅ) ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ሰልማ ድልድይ ላይ ሰልፍ ሲሄድ 25 ዓመቱ ነው፣ እስር ቤት እንደሚገባ ስላወቀ በጀርባ ቦርሳው ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ ፖም፣ አንድ ብርቱካን፣ የጥርስ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ይዞ ነበር። ፖሊስ የራስ ቅሉን ሰበረው፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ የምርጫ መብት ሕጉ ተፈረመ። ያው ዓመት ጥቅምት ላይ በትውልድ አገር የሚከለክለውን የኢሚግሬሽን ኮታ የሚያስቀር ሕግ ተፈረመ፣ እኛ በገባንበት በር ላይ የነዚህ ሰዎች ደም አለ ብዬ ነው የማምነው፣ ልጆቻችን ይሄን ሳያውቁ ማደግ የለባቸውም።

የፋራጉት ጎረቤት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ዶሮዎቹንም ላይብረሪውንም ቦርሳውንም ነገርኳት፣ መመታቱን ግን "ፖሊሶች ጎዱት፣ ሆስፒታል ገባ" ብቻ ብዬ አለፍኩ። ዝም ብላ ቆይታ "ፖሙን በላው?" አለችኝ፣ መልስ አጣሁ። ቅዳሜ የላይብረሪ ካርድ ልናወጣላት ነው፣ በራሷ ስም።