አስቸኳይ! ጎንደር ፒያሳ ሊፍቱ ቆሟል፤ አክስቴን ከተማውን ከላይ የት ላሳያቸው?

ሰናይት ዘጎንደር (10፡15)
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ፒያሳ አንድ ሕንፃ ሥር ቆመናል። ላዩ ላይ ካፌ አለ፣ ከተማው ሁሉ ይታያል ተብለን ነው የመጣነው። ገና ከመግባታችን መብራት ጠፋ፣ ሊፍቱም ቆመ። ጥበቃው "ጄኔሬተሩ ለሊፍቱ አይሆንም" ይላል። አክስቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ አይወጡም። በደርግ ጊዜ በመተማ በኩል እንደወጡ አሁን ለጥምቀት ነው የመጡት፣ ነገ ጠዋት ደግሞ በረራ አላቸው። ሰሞኑን በሕዝቡ ብዛት ከቤትና ከጥምቀተ ባሕሩ ሌላ የትም አልደረሱም። "ጎንደርን አንዴ ሙሉዋን ልያት" ነው የሚሉኝ። ፀሐይ ሳትገባ የት ልውሰዳቸው?

የአራዳው (10፡17)
ጎሃ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ሆቴል።

ማራኪ ሰፈር (10፡18)
ሕንፃው ስንት ፎቅ ነው? መኪና አላችሁ ወይስ በባጃጅ ናችሁ? እናታችን ጭራሽ ደረጃ አይወጡም ወይስ ቀስ እያሉ ይሞክራሉ? ይህን ሳትነግሪን እንዴት እንምከርሽ እህቴ?

ጨዋታ አዋቂ (10፡19)
ቀላል ነው፣ በረራውን አራዝሙላቸው። ሊፍቱ እስኪሠራ ጠላ እየጠጡ ይቆዩልን። ለጥምቀት የመጣ ሰው በሳምንቱ ይሄዳል እንዴ!

የሳሙና በር ልጅ (10፡21)
ለምን ፎቅ አስፈለገ? ይኼ ነገር አልገባኝም። ጎንደር እኮ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። ፒያሳ መሃል ሰባትም ስምንትም ፎቅ ወጥተሽ የምታይው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ፣ ሮቶ፣ ዲሽና ቆርቆሮ ነው። ፎቅ ላይ ወጥቶ ከተማ ማየት ሜዳ ላይ ላለ ከተማ ነው የሚያምረው፣ ዱባይ እንበል። እኛ ጋ ተራራው ራሱ ሰገነት ነው። ሊፍቱ ቢሠራም አትውሰጃቸው እላለሁ።

ፎቶ አንሺው (10፡24)
ሳሙና በር፣ በዚህ አልስማማም። ከፒያሳ ሕንፃ ላይ ወደ ደቡብ ስትዞር የፋሲል ግቢ እዚያው ከሥርህ ነው። ከአጥሩ በላይ ሆነህ ወደ ውስጥ ታያለህ። የአጼ ፋሲል ግንብ ማዕዘን ላይ ያሉት አራቱ ትንንሽ ጉልላቶች፣ ድንጋዩ መሃል ያለው የኖራ መስመር ሳይቀር ይለያል። ከጎሃ ግን ግንቡ ዛፍ መሃል የተቀመጠ ትንሽ ነገር ነው። ሁለቱ የየራሳቸው ውበት አላቸው። አሁን ግን ሊፍት የለም፣ ስለዚህ ጎሃ ይሻላል። በጥር ፀሐይ የምትገባው ከ12 ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው። ከ11 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ምክንያቱም ደስ የሚለው ብርሃን ከመግባቷ በፊት ያለው ነው። ጎሃ ላይ ሆናችሁ ፊታችሁን ወደ ከተማው ስታዞሩ ፀሐይዋ በቀኝ በኩል ነች፣ አይን አትወጋም፣ ግንቡንም በጎን ታበራዋለች።

ሊፍት ሠራተኛ (10፡26)
እኔ ሊፍት እጠግናለሁና ስሚኝ። ጥበቃው እውነቱን ነው። የሊፍት ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኃይል ብዙ ነው፣ ለመብራትና ለፍሪጅ ተብሎ የተገዛ ጄኔሬተር አያነሳውም። አሁን ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ መብራት ቢመጣም ወዲያው እንዳታስገቢያቸው። መጥቶ መልሶ ሊጠፋ ይችላል። ደህና ሊፍት መብራት ሲሄድበት በባትሪ ወደ ቅርቡ ፎቅ ደርሶ በሩን ይከፍታል፣ ግን ባትሪው ሞቶ ማንም ሳይቀይረው የሚቆይበት ሕንፃ ብዙ አይቻለሁ። ያኔ ሰው የሚወጣው ሞተሩ ክፍል ገብቶ ብሬኩን በእጅ ለቆ፣ ቀስ እያሉ ፎቅ ላይ በማድረስ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሕንፃው ውስጥ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከሌለ ጤነኛም ቢሆን አይግባ፣ እንኳን ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው።

የቀሃ ልጅ (10፡28)
እኔ ፒያሳ ነኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር አራት ነን። ወንበር ላይ ይቀመጡና ተሸክመን እናውጣቸው። ከልቤ ነው የምለው።

የአራዳው (10፡29)
ጎሃ አልኩ እኮ።

ታሪክ ወዳዱ (10፡31)
ወገኖቼ፣ ከተማ ከላይ ማየት ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። አጼ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማይቱን ሲቆረቁሩ ያሠሩት ግንብ ወደ 32 ሜትር ከፍታ አለው። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ቁመት አይደለም። ላይኛው ላይ ያለው የንጉሡ የጸሎት ክፍል በአራቱም አቅጣጫ መስኮት አለው፣ ንጉሡ ቆመው በየአቅጣጫው ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት እንዲያዩ ነው። ከማማው ላይ ጣና ድረስ ይታያል ይባላል። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በከንቱ አይደለም። እና እናታችንን ወደ ግንቡ መውሰድ እንጂ ሲሚንቶ ፎቅ ፍለጋ መንከራተት ለምን? እቴጌ ምንትዋብም ቤተ መንግሥታቸውን ያሠሩት ከተማውን ቁልቁል በሚያሳየው ቁስቋም ኮረብታ ላይ ነው። ሁሉም ነገሥታት ከፍታ ያውቁ ነበር።

ማራኪ ሰፈር (10፡33)
ታሪክ ወዳዱ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ግን ሴትየዋ ደረጃ አይወጡም ተብሏል። የግንቡ ደረጃ ከፎቁ ደረጃ ይብሳል። ግቢውም ሳይመሽ ይዘጋል። ቁስቋም ደግሞ የሚረገጠው ድንጋይ ነው፣ ለጉልበት አይሆንም።

ፎቶ አንሺው (10፡34)
ለብርሃን ቢሆን ማታ ላይ ቁስቋምን የሚያህል የለም። ፀሐይ ከጀርባህ ሆና ከተማውን ፊት ለፊት ነው የምታበራው። ግን ልክ ነው፣ ለእሳቸው አይሆንም።

ነርሷ (10፡35)
ስለ መሸከሙ ላስጠንቅቅ። ደረጃ ላይ ወንበር ሲያጋድል አራት ሰውም አይዘውም፣ አረጋዊ ሰው ከወደቀ ዳሌ ነው የሚሰበረው። ደግሞ አክስትሽ የመጡበት አገር ሜዳ ከሆነ የጎንደር አየር ራሱ ይከብዳቸዋል። ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነን። ሰው እዚህ በመጣ ሰሞን ሁለት ፎቅ ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በሰዓቱ ይውሰዱ፣ ውኃ ያዢ፣ ማታ ኮረብታ ላይ ስለሚበርድ ጋቢ አትርሺ። የጥር ብርድ ቀልድ አያውቅም።

ከዱባይ (10፡37)
ሰላም ለጎንደር ልጆች። እዚህ ቡርጅ ኸሊፋ እንግዳ ወስጄ ነበርና ትዝ አለኝ። 828 ሜትር ነው፣ ሰው ከተማውን ለማየት የሚወጣው 124ኛ፣ 125ኛና 148ኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ እስከ 124ኛው በአንድ ደቂቃ ገደማ ነው የሚያደርስህ፣ ጆሮህ ብቻ ይደፈናል። ቲኬቱ በሰዓት የተከፋፈለ ነው፣ ፀሐይ መግቢያ ላይ ያለው ሰዓት ይወደዳል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጎንደር ፒያሳ ባዶ መሬት ላይ የቆመ ሰው ከቡርጅ ኸሊፋ ጫፍ ከእጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ነው የቆመው። ዱባይ ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ናት እኮ! እናታችንን ምንም አልቀረብዎትም በያቸው፣ አሁንም ሰማይ ላይ ነዎት።

ጨዋታ አዋቂ (10፡38)
በል ከዛሬ ጀምሮ ፒያሳ የሚቆም ሁሉ ቲኬት ይቁረጥ!

ሰናይት ዘጎንደር (10፡41)
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሰባተኛ ፎቅ ነው። መኪና የለንም፣ በባጃጅ ነው የመጣነው። የቀሃ ልጅ፣ ተባረክ፣ ግን አክስቴ "ሰው ተሸክሞኝ አልሄድም፣ በእግሬ ገብቼ በእግሬ ነው የምወጣው" አሉ። ሕንፃው ውስጥ ሊፍት የሚያውቅ ሰው የለም፣ ጠየቅሁ። ጎሃ ባጃጅ ይወጣል? እዚያስ ደረጃ የለም?

የቀሃ ልጅ (10፡42)
የጎንደር ሴት! ክብር ለእሳቸው።

ባለ ባጃጁ (10፡44)
ይወጣል። ዳገት ስለሆነ ሁለት ሰው ብቻ ጭኖ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ግን መንገዱ አስፋልት ነው፣ እስከ ሆቴሉ ግቢ ይገባል። ፒያሳ ፖስታ ቤት ጋ ቆመው ሲጠብቁ ታያቸዋለሽ። ዋናው ነገር መመለሻው ነው። ከመሸ በኋላ እዚያ ላይ ባጃጅ የለም፣ ስልክ ብትደውዪም የሚመጣ ላታገኚ ትችያለሽ። ስለዚህ የወሰደሽን ሰው እዚያው እንዲጠብቅ ከመነሳትሽ በፊት ዋጋ ቁረጪ። ሳትነጋገሪ ከወጣሽ ሲመለስ ሌላ ሒሳብ ነው። ከሁሉም ከሁሉም ግን እናትየው ከኋላ በቀኝ ይቀመጡ፣ ለመውረድ ይቀላቸዋል።

የሳሙና በር ልጅ (10፡46)
የጎሃ በረንዳ ላይ ወንበር አለ፣ ቡና ወይም ለስላሳ አዝዛችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ማንም "ተነሱ" አይልም። ፊት ለፊት ፒያሳና የፋሲል ግቢ ነው። በግራ የአንገረብ ሸለቆ፣ በቀኝ በቀሃ በኩል ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ያለው ዛፍ። ከዚያ ወዲያ አዘዞ፣ ከአዘዞ በኋላ ደምቢያ ሜዳ ነው እንግዲህ። የድሮ ሰፈራቸው የት ነው? ቀድማችሁ ምልክት ያዙ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ካገኛችሁ ቤቱ ቅርብ ነው። ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ስለሚመስል ዝም ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም።

ሰናይት ዘጎንደር (10፡48)
ቸቸላ ነው ያደጉት። አሁን ባጃጅ ይዘናል፣ ይጠብቀናል ብሏል። እየወጣን ነው!

ታሪክ ወዳዱ (10፡52)
መልካም። ጎሃ ላይ ሆናችሁ ግን የአጼ ፋሲልን ግንብ ከሌሎቹ ለይታችሁ አሳዩዋቸው። ግቢው ውስጥ ያለው የአንድ ንጉሥ ሥራ አይደለም። የአጼ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ የታላቁ ኢያሱ ግንብ አለ፣ የዳዊት የመዝሙር አዳራሽ አለ፣ የምንትዋብም አለ። እያንዳንዱ በየራሱ ግንብ ነው እንጂ እንደ አንድ ቤት አይታይም።

ማራኪ ሰፈር (10፡55)
አንድ ነገር ረስተን! ጥር የሠርግ ወር ነው እኮ። በረንዳውን ሙሽሮችና ካሜራ ይዘውት ሊሆን ይችላል። ከያዙት ከግቢው ጠርዝ በኩል ባለው ሣር ላይም ይታያል፣ ለእናታችን ወንበር ብቻ ለምኑላቸው።

ጨዋታ አዋቂ (10፡57)
ሠርግ ካለማ ምን ጠፋ፣ እስክስታ ሲያዩ ጉልበታቸውን ይረሱታል።

ሊፍት ሠራተኛ (11፡20)
ፒያሳ መብራት መጥቷል። ግን እንዳትመለሱ፣ እዚያው ሁኑ።

የአራዳው (12፡35)
ደረሳችሁ? ቸቸላን አገኟት?

ፎቶ አንሺው (1፡10)
ሰናይት፣ ፎቶ ካነሳሽ ለጥፊልን።

የሐረግ ልጅ (በማግሥቱ፣ 3፡05)
እኔም ለቅዳሜ ከአዲስ አበባ እንግዶች አሉብኝ፣ አንዷ በዊልቸር ናት። ባጃጅ ውስጥ ዊልቸር ስለማይገባ የሚታጠፍ ወንበር የሚጭን መኪና የሚያከራይ የሚያውቅ አለ? ጎሃስ ቅዳሜ ሠርግ ይኖር ይሆን? ማን ጋ ነው የሚደወለው?