«ቴምፕቴሽንስ» የሚለው ስም የማን ነው? በ1982ቱ ዳግም መሰባሰብ ላይ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄያችን በአሜሪካ የዲትሮይቱን የሶል (ከጥቁር አሜሪካውያን የመነጨ) ሙዚቃ ቡድን ቴምፕቴሽንስን ይመለከታል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1982 ከዓመታት በፊት የተለዩትን ዴቪድ ሩፊንንና ኤዲ ኬንድሪክስን መልሶ በሰባት ድምፃውያን አልበም አወጣ፤ እየተዘዋወረም ዝግጅቱን አቀረበ። ጉዞው ሲያበቃ ግን ሁለቱ ዳግመኛ ተለዩ። ስሙ የሚገባው እስከ መጨረሻው ለዘለቀው ነው ወይስ በድምፁ ላስከበረው?

ከአዲስ አበባ፦ ለድምፁ ነው እላለሁ። ቡድኑን በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ያደረገውን «ማይ ገርል» እስቲ ደግማችሁ አድምጡ። መጀመሪያ ቤዝ ጊታሩ ብቻውን ይመታል፤ ቀጥሎ ሌላው ጊታር ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ሽቅብ ይከተለዋል፤ ከዚያ ያ የሩፊን ሻካራ ድምፅ ይገባል። የኬንድሪክስ ቀጭን ድምፅ ደግሞ በ1971 «ጀስት ማይ ኢማጂኔሽን»ን አንደኛ ያደረገ ነው። አድማጭ የወደደው እነዚህን ድምፆች እንጂ ዘፈኖቻቸውን ባሳተመው በሞታውን ኩባንያ መዝገብ ላይ የሰፈረውን ስም አይደለም፤ የ1982ቱ ዝግጅት ሕዝብን የሳበውም እነርሱ በመመለሳቸው ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የወንድማችንን ፍቅር እጋራለሁ፤ ፍርዱን ግን አልቀበልም። ሩፊን በሰኔ 1968 የተሰናበተው ከዝግጅት እየቀረ፣ ስሙም ከቡድኑ ስም በፊት እንዲጠራ እየጠየቀ ባስቸገረበት ወቅት ነው። እርሱን የተካው ዴኒስ ኤድዋርድስ ሲዘፍን «ክላውድ ናይን» ለሞታውን የመጀመሪያውን የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት አስገኘ፤ «ፓፓ ዋዝ ኤ ሮሊን ስቶን»ም ሦስት ግራሚ ወሰደ። መሪ ድምፃዊው ተለውጦ ክብሩ ካልጎደለ፣ ቤቱን ያቆመው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ያም ከመሥራቾቹ መካከል የሆኑት ኦቲስ ዊሊያምስና ባለ ወፍራም ድምፁ ሜልቪን ፍራንክሊን፣ ከተቀባዮች ተርታ ሳይወጡ፣ ልምምዱንና ሥነ ሥርዓቱን የጠበቁበት ትዕግሥት ነው። የውዝዋዜውን ስልት ያወጣላቸው ፖል ዊሊያምስ በ1973 ሲሞት እንኳ ቡድኑ አልተበተነም። ተቀባይ የሌለው አቀንቃኝ ምን ያህል እንደሚጎድለው እኛ ሀበሾች እናውቃለን።

ከለንደን፦ ሁለታችሁም የውድቀቱን ዘመን ዘለላችሁት። ቡድኑ በ1977 ሞታውንን ትቶ ወደ አትላንቲክ ኩባንያ ሄደ፤ እዚያም የቀድሞውን ያህል ስላልሆነለት በ1980 ተመለሰ። ስለዚህ የ1982ቱ መሰባሰብ የናፍቆት ብቻ ሳይሆን የገበያም ጉዳይ ነበር። ዛሬ በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች፣ ዘፈኖቹን ካስቀረጹት የቀድሞ አባላት አንድም ሰው ሳይኖርና የስሙ ሕጋዊ ባለቤትነት ሳይያዝ በታዋቂ ቡድን ስም መድረክ መውጣትን የሚከለክሉ ሕጎች አሉ፤ ሕጉ የሚከላከለው ከፍሎ የሚገባውን አድማጭ ነው። በእኛም በኩል ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ ከፊሉ እዚያ ሲቀር ከፊሉ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ይኸው ጥያቄ የሚነሳ ይመስለኛል። እኔ በበኩሌ ስሙን ለኦቲስ እሰጣለሁ፤ ነገር ግን ማስታወቂያው ዛሬ ማታ የሚዘፍነው ማን እንደሆነ በግልጽ ይናገር።

ከአዲስ አበባ፦ ማስታወቂያው ይናገር የሚለውን ተቀብያለሁ፤ እህታችን ከሲልቨር ስፕሪንግ ስለ ሥነ ሥርዓቱ ያነሳችውም እውነት ነው። አንድ ነገር ግን አስቡልኝ። በ1989 ቡድኑ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ የተመዘገቡት በዚያን ጊዜ በመድረክ ላይ የነበሩት ብቻ አልነበሩም፤ ሩፊን፣ ኬንድሪክስና በሕይወት ያልነበረው ፖልም ከኦቲስ፣ ከሜልቪንና ከኤድዋርድስ ጋር ተመዝግበዋል። ከዚያም ሩፊን፣ ኬንድሪክስና ኤድዋርድስ የቡድኑን ስም ትተው በየራሳቸው ስም አብረው ዘፈኑ፤ ሩፊን በ1991፣ ኬንድሪክስ በ1992 እስኪሞቱ ድረስ አዳራሽ የገባው ሰው ማንን ሊሰማ እንደመጣ ያውቅ ነበር።