«እግዚአብሔር አሮጌውን አስረሳቸው»፦ ስለ ውጭ ጉዲፈቻ የመጀመሪያ ዓመት ክርክር

ቀይ ብዕር፦
ከትናንት ጀምሮ እየተቀባበላችሁ «አሜን» የምትሉበትን ጽሑፍ አሁን አነበብኩት። ላላነበበ፦ አሜሪካዊ ክርስቲያን ባልና ሚስት ናቸው፤ የውጭ ጉዲፈቻ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ሁለት እህትማማቾች ከኢትዮጵያ ወስደዋል፤ አሁን ያንን የመጀመሪያ ዓመት መለስ ብለው እያዩ ነው። ልጆቹ ማታ ማታ ያለቅሱ ነበር። ዳቦ ትራስ ሥር ይደብቁ ነበር። ትንሿ የማታውቀው እንግዳ ሁሉ ጭን ላይ ትወጣለች፤ ትልቋ «እናቴ ጋ መቼ ነው የምሄደው» ትላለች። በስድስት ወር አማርኛው ጠፋ፤ ጥያቄውም ቆመ። እና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እግዚአብሔር አሮጌውን አስረሳቸው።» ልጅ እናቷን መጠየቅ ስላቆመች ምስጋና! እናንተም አሜን። ደህና ናችሁ ግን?

የመዘምራን ልጅ፦
ወንድሜ ቀስ በል። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነቅለህ መጣህ። አባትየው ለሊቱን ከአልጋቸው ሥር ወለል ላይ እንደሚተኛ፣ እናትየው ሥራዋን ትታ ቤት እንደዋለች፣ ለወራት ከሁለቱ በቀር ማንም እንዳያበላቸውና እንዳያቅፋቸው ዘመድ እንኳ እንደከለከሉ ለምን ዘለልከው? ምስጋናው ልቅሶው ስለቆመ ነው። አንተን ግን ፈረንጅ ሲያመሰግን ያምሃል።

ቀይ ብዕር፦
ልቅሶው ስለቆመ ቢሉ ዝም እል ነበር። ያሉት ሌላ ነው፤ «አሮጌውን አስረሳቸው»። አሮጌው ማን ነው? አሮጌው እናታቸው ናት። ስም ያላት፣ ምናልባትም ዛሬ በሕይወት ያለች ሴት።

ጎርፉ፦
ከእናትየው ጋር አማርኛም «አሮጌው» ውስጥ ገብቷል። እኛም እዚሁ በአሮጌው ነገር እየተጨቃጨቅን ነው ማለት ነው።

የመዘምራን ልጅ፦
ለቀልዱ አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ፤ ዘፍጥረት 41፥51። ዮሴፍ በኩሩን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር መከራዬንም የአባቴንም ቤት አስረሳኝ ብሎ ነው። ያው «አስረሳ» ነው። እስቲ ዮሴፍንም ክሰሰው።

ቀይ ብዕር፦
ዮሴፍ የተናገረው ስለ ራሱ ነው! ጲጥፋራ «ዮሴፍን አስረሳሁልህ» ብሎ ምስክርነት ሲቆም አየህ? ደግሞስ መች ረሳ? ወንድሞቹ ሲመጡ ጓዳ ገብቶ ያለቀሰው ማን ነው? ሲሞትስ አጥንቴን ከዚህ አውጡ ብሎ ያስማለው? ምናሴን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ጎርፉ፦
የመዘምራን ልጅ፣ ምሳሌህ ላይ የተሸጠ ልጅ አለ። ሻጩን እዚህ ታሪክ ውስጥ የት እናስቀምጠው?

የመዘምራን ልጅ፦
ሙሴስ? የፈርዖን ልጅ አላሳደገችውም? ሁላችንስ በክርስቶስ የልጅነትን መንፈስ የተቀበልን ጉዲፈቻዎች አይደለንም? ወንጌሉ ራሱ ጉዲፈቻ ነው።

እናት ናት፦
ልጄ፣ ሙሴን ያጠባችው የገዛ እናቱ ናት፤ ደመወዝ እየተከፈላት። ያንን ዓይነት ጉዲፈቻ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ። የያዕቆብንም መልእክት ሁላችሁ ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቅሱት፤ ወላጅ ከሌላቸው ልጆች ጋር ባልቴቶችንም ጠይቁ ይላል። የሟች ባሏን ልጅ ይዛ ከተቸገረች እናት ልጁን ወስደህ «ወላጅ አልባ ረዳሁ» ካልክ ባልቴቷን ምን አደረግካት?

የመዘምራን ልጅ፦
እማማ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሁሉም ልጅ እናት አለው ብለው ነው የተነሱት።

የቀድሞ ሶሻል ወርከር፦
ሁሉም አይደለም፤ ብዙው ግን አለው። ዩኒሴፍ ራሱ «ወላጅ አልባ» ብሎ ሲቆጥር አንዱን ወላጅ ብቻ ያጣውን ይጨምራል። በሚሊዮን የሚቆጠረው ቁጥር በየቤተ ክርስቲያኑ ስክሪን ሲወጣ ይህ አይነገርም።

ስለ መጀመሪያው ዓመት ግን ሁለታችሁም ስታችኋል። ዳቦ መደበቅ፣ ለማያውቁት ሰው ሁሉ መለጠፍ፣ ለሊት መባነን በማሳደጊያ ላለፈ ልጅ የሚጠበቅ ነው። ቋንቋው በወራት ውስጥ መጥፋቱም እንዲሁ፤ የሚያናግረው ከሌለ ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይጥላል። ይህን ተአምርም ወንጀልም አትበሉት። የሚያስፈራው «ጥያቄው ቆመ» የሚለው ነው። ዝም ያለ ልጅ ተረጋጋ ማለት አይደለም። አሳዳጊዎች በ3ኛው ወር፣ በ6ኛው ወር፣ በዓመቱ፣ ከዚያም 18 እስኪሞላ በየዓመቱ ሪፖርት መላክ ነበረባቸው። ያነበብኳቸው የ6ኛ ወር ሪፖርቶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ «በጥሩ ሁኔታ ተላምዳለች»፣ ከሥሩ የልደት ፎቶ። ልጅቷ ማታ ምን ብላ እንደምትጠይቅ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ከዓመቱ በኋላ ደግሞ የአንዳንዱ ቤት ደብዳቤ ጭራሽ ይቋረጣል።

ቀይ ብዕር፦
አመሰግናለሁ እህቴ። «ዝም ያለ ልጅ ተረጋጋ ማለት አይደለም።» የመዘምራን ልጅ፣ ይቺን በትልቁ ጽፈህ ለጥፋት።

የመዘምራን ልጅ፦
ሁለታችሁም ስታችኋል ነው ያለችው። አንተ የሚጥምህን ብቻ ነው የምታነበው።

ዲሲ ነኝ፦
ስለ ክርስቲያን ቤተሰብ ካነሳችሁ እ.ኤ.አ. በ2011 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በአሳዳጊዎቿ ጓሮ ብርድ የገደላትን ልጅ አንርሳት። እነዚያም መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የሚያድሩ ነበሩ። በ2013 ሁለቱም ተፈርዶባቸዋል።

የመዘምራን ልጅ፦
ይኸው፣ ጠብቄው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ከ15,000 በላይ ልጅ ወደ አሜሪካ ሄዷል። በአንድ ጨካኝ ቤት ሁሉን ፍረድ! እዚህ አገር ቤት ውስጥ በእንጀራ እናት የሚቃጠለውን ልጅ ማን ይቁጠረው?

ዲሲ ነኝ፦
አልፈረድኩም። አትርሱ ነው ያልኩት። መርሳት እዚህ ግሩፕ ውስጥ ጸጋ መሆኑን ረስቼ ነው።

አስተርጓሚው፦
ፍርድ ቤት አስተረጉም ስለነበር አንድ ነገር ልበል። እናትየው ዳኛው ፊት ቆማ «ፈቅጄ ነው» ትላለች። ኮሪደር ላይ ስትወጣ ግን የምትጠይቀኝ «ስንት ዓመት ተምራ ነው የምትመለሰው?» ብላ ነው። ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም። የሚገባቸውም ነበሩ። ግን በኛ አገር ልጅን ለማሳደግ መስጠት ልጅን ማጣት ሆኖ አያውቅም፤ ዘመድ ጋ ያደገ ልጅ የእናቱም ልጅ ነው። ሕጉም ይህንኑ ነው የሚለው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ ከወላጅ ቤተሰብ ጋር ያለውን ዝምድና አያቋርጥም ይላል። አሜሪካ ሲደርስ ደግሞ የወላጅነት መብቱ በሙሉ ይቆረጣል፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ እንኳ በአዲስ ወላጅ ስም ይወጣል። እናትየዋ የፈረመችው አንድ ነገር፣ ቤተሰቡ የተረከበው ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች «አስረሳቸው» ያሉት በክፋት አይመስለኝም። በእነሱ ሕግ አሮጌው የለም።

ሦስት ጉልቻ፦
እና አንተ ይህን እያወቅህ ታስተረጉም ነበር?

አስተርጓሚው፦
አስተርጓሚ የተባለውን ነው የሚያስተረጉመው።

ሦስት ጉልቻ፦
ስንት ይከፈልህ ነበር? ለማወቅ ያህል ነው።

አስተርጓሚው፦
ወደ ሰው ኪስ መግባት ከጀመርን እኔ ወጣሁ።

ጎርፉ፦
ቆይ አትውጣ፣ ገና ሞቅ ማለቱ ነው። ይህ ሁሉ የበረታው አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ2005 ልጇን ከወሰደች በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ወደ አሜሪካ የሄዱት 2,500 ገደማ ደርሰው ነበር። ፍላጎቱ ሲያብጥ ወረቀት የሚያመርት አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2014 እዚያው አሜሪካ የአንድ ኤጀንሲ ሰዎች በኢትዮጵያ ልጆች ሰነድ ማጭበርበር ተከሰዋል። ይህን ደግሞ ፀረ ወንጌል ነው እንዳትሉኝ፤ የከሰሳቸው የራሳቸው መንግሥት ነው።

የመዘምራን ልጅ፦
ሌባ ይታሰር፤ ማን ተከራከረ? በ2003 ዓ.ም. የሚታየው የጉዲፈቻ ፋይል በቀን ከ50 ወደ 5 ወረደ፤ ጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን ጭራሽ ከረቸመው። ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ለጊዜው አገደች፤ ቻይና በ2024 አቆመች። ጥሩ፣ ሁሉም ዘጋ። አሁን እኔ ልጠይቅ፤ ማሳደጊያ ውስጥ የቀረውን ልጅ እናንተ ወሰዳችሁት? ቀይ ብዕር፣ ስንት ልጅ ነው የምታሳድገው?

ቀይ ብዕር፦
ከርዕስ አትውጣ። አንተ ስንት ነው?

የመዘምራን ልጅ፦
የአክስቴን ልጅ።

ጎርፉ፦
የአክስትህ ልጅ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሰርጉ ላይ በልቻለሁ።

ሄዳ የመጣች፦
ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው የወሰዱኝ። አማርኛዬን ካደግሁ በኋላ ከፍዬ ነው የተማርኩት፤ ስሕተት ካለ እለፉት።

እኔም ዳቦ እደብቅ ነበር። አሳዳጊ እናቴ ምንም ሳትናገር አልጋዬ አጠገብ ቅርጫት አስቀመጠች፤ ባዶ ሆኖ አላየሁትም። ከወራት በኋላ መደበቁን ራሴ ተውኩት። አማርኛው ሲጠፋ ግን ጥያቄው አልጠፋም። የምጠይቅበት አፍ ነው የጠፋው። እንግሊዝኛው ሲመጣልኝ ደግሞ ብጠይቅ የሚከፋቸው መሰለኝ፤ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ምስጋና የሚቀርብብኝ ልጅ ነበርኩ። ምስጋና የሚቀርብበት ልጅ አኩርፎ መዋል አይችልም።

ቀይ ብዕር፣ አንተ ደግሞ አሳዳጊ እናቴን ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር አትቁጠርብኝ። ወላጅ እናቴን ፈልጎ ለማግኘት የከፈለችው እሷ ናት፤ ሲገናኙም አብራኝ ነበረች። ሁለቱ ሲተቃቀፉ ማንም አልረሳም ማንንም።

የመዘምራን ልጅ፦
እግዚአብሔር ይባርክሽ እህቴ! አያችሁ? ቅርጫቱን ያስቀመጠችው ማን ናት?

ቀይ ብዕር፦
«የምጠይቅበት አፍ ነው የጠፋው።» አንብቡ። ስድስት ጊዜ አንብቡ። ጠዋት የጀመርኩት ይህንኑ ነው።

ሄዳ የመጣች፦
በቃ ተካፈላችሁኝ። ግማሼን አንተ፣ ግማሼን እሱ።

እናት ናት፦
ልጄ፣ ወላጅሽ ደህና ናት? ማን ጋ ነው ያለችው?

ሄዳ የመጣች፦
ደህና ናት እማማ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ናት። እሱን አልሰጠችም።

የቀድሞ ሶሻል ወርከር፦
ይህን እንኳ ብዙ ቤተሰብ ውስጥ አይቻለሁ፤ አንዷ ሄዳ የቀሩት እዚሁ ያደጉበትን። ለአንድ ልጅ የአየር ትኬትና የኤጀንሲ ክፍያ ከሚወጣው ጥቂቱ ቢደርሳት ኖሮ እናትየዋ ሁሉንም ታሳድግ ነበር ወይ? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። መከፈት መዘጋቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

የመዘምራን ልጅ፦
«ቢደርሳት ኖሮ።» ማን ያድርስላት? አሁንም ዞሮ ዞሮ ፈረንጅ ይላክ ነው። ልጁን አትውሰድ፣ ገንዘቡን ግን ላክ።

ሦስት ጉልቻ፦
ልጅን በአደራ ተቀብሎ የሚያሳድግ፣ አደራ ቤተሰብ የሚባል ነገር እኮ አለ። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻም አልተዘጋም። ስንቶቻችን ነን «የሰው ልጅ ሲያድግ ይክዳል» እያልን የምንፈራው? በድብቅ ወስደን ለልጁም ለጎረቤትም የወለድኩት ነው የምንልስ? እንግዲህ ያ ነው ጭራሽ ማስረሳት። ፈረንጆቹ ቢያንስ ከየት እንደመጣች ነግረዋታል።

ቀይ ብዕር፦
ሌላ ክር ክፈትና እዚያ እንነጋገር። እዚህ የተነሳው «አሮጌውን አስረሳቸው» ነው።

ሦስት ጉልቻ፦
ሲያምህ ሌላ ክር ክፈት ትላለህ።

የመዘምራን ልጅ፦
ቀይ ብዕር፣ አደራ ቤተሰብ ለመሆን ትመዘገባለህ አትመዘገብም? አዎ ወይም አይ።

ቀይ ብዕር፦
መጀመሪያ የምናሴን ጉዳይ መልስልኝ።

የመዘምራን ልጅ፦
መልሻለሁ። ወደ ላይ ሂድና አንብብ።

ቀይ ብዕር፦
ያነሳኸው ሙሴን ነው። እሱንም እማማ ወስደውብሃል።

ጎርፉ፦
አድሚን፣ የመዘምራን ልጅን አትዝጋው። ነገ ኤፍሬምን ይዞ ይመጣል።