የሐዋሳን ሐይቅ ለማንሳት ፉል ፍሬም ልግዛ ወይስ ሌንስ ልጨምር?

ባለ 700ዲ፦
ሰላም ቤቶች። ሐዋሳ ነኝ። ካኖን 700ዲ አለኝ፣ ከ18-55 ሚሊ ሜትር ኪቱ (አብሮት ከሚሸጠው ሌንስ) ጋር። ልደትና ምርቃት እያነሳሁ ትንሽ ብር ቋጥሬያለሁ። አክስቴ ደግሞ ፔንሲዮን ልትከፍት ነው፤ ለክፍሎቹ ግድግዳ የሐይቁንና የተራሮቹን ፎቶ አንሳልኝ ብላኛለች። ትልቁ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሆኖ ነው የሚታተመው።

አንድ ካሜራ የሚሸጥ ልጅ «በክሮፕ (እንደኔው ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ፣ ትንሽ በሆነ ካሜራ) ላንድስኬፕ አይታሰብም» ብሎ ያገለገለ ካኖን 6ዲ፣ ፉል ፍሬም (ባለ ትልቅ ሴንሰር)፣ ሊሸጥልኝ ነው። ቦዲ ብቻ፣ ሌንስ የለውም። እሱን ከገዛሁ ኪሴ ባዶ ነው። ሌላው ሐሳቤ 700ዲዬን ይዤ 10-18 ዋይድ (ሰፊ ቦታ የሚያስገባ) ሌንስ መጨመር ነው። ያስቸገረኝ ነገር፣ ታቦር ተራራ አናት ላይ ወጥቼ ሳነሳ ማዶ ያሉት ተራሮች ቀጭን ክር ይሆኑብኛል። በዓይኔ ሳያቸው ግን ግዙፍ ናቸው። ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ነው እንዴ? ምን ትሉኛላችሁ?

ሐይቅ ዳር፦
ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። 6ዲውን ገዝተህ በምን ልታነሳበት ነው? ያንተ 18-55 ኢኤፍ-ኤስ (ለክሮፕ ብቻ የተሠራ) ነው፣ 6ዲ ላይ አይገጥምም። 10-18ቱም እንደዚያው። ስለዚህ ቦዲውን ገዝተህ ለፉል ፍሬም የሚሆን ሌንስ እስክታገኝ ድረስ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለህ ማለት ነው። ልጁ ይህን ሳይነግርህ ቀርቶ ከሆነ እኔ ከእሱ ምንም አልገዛም።

የተራራው ነገር ደግሞ ከሴንሰሩ ጋር አይገናኝም። በ18 ስላነሳኸው ነው። በ18 ሰማዩም፣ ሐይቁም፣ የግራና የቀኝ ዳርቻውም በሙሉ ይገባልሃል፤ ያ ሁሉ ሲገባ ለተራራው የሚተርፈው ቦታ ያቺው ክር ናት። በክሮፕ 18 ማለት በ1.6 ሲባዛ ፉል ፍሬም ላይ ወደ 29 ገደማ ነው፤ 6ዲ ላይ 29 ብትሰካ ያችኑ ክር ታገኛለህ። 10-18 ከገዛህ ጭራሽ ይብስብሃል።

አንተ የሚያስፈልግህ 55-250፣ ሩቁን የሚስበው ሌንስ ነው። ከዚያው ከታቦር ሆነህ በ100 እና በ150 መሀል አድርገህ ማዶውን ብቻ ቆርጠህ አንሳ። ተራሮቹ አንዱ ካንዱ ጀርባ ተደራርበው ይመጣሉ፣ የኋለኛው ከፊተኛው እየደበዘዘ ይሄዳል። ዓይንህ ያየው እሱን ነው። ላንድስኬፕ ማለት ዋይድ ብቻ ነው ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ብዙ ሰው አስከስሯል።

የህትመት ሰው፦
እኔ የማወራው ስለ ግድግዳው ነው፤ ሥራዬ ህትመት ነው። 700ዲ 18 ሜጋፒክስል ነው፣ ፎቶው በወርዱ 5184 ፒክስል አለው። በኢንች 150 ፒክስል ብታትመው 88 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አልጋ ላይ ሆኖ ግድግዳ ለሚያይ ሰው 150 ይበቃዋል፤ አፍንጫውን አስጠግቶ የሚያይ እንግዳ ካለ እሱ ፎቶ አንሺ ነው። 6ዲ ስንት አለው? 5472። በ150 ስታትመው 93 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለ5 ሳንቲ ሜትር ብለህ ኪስህን ልታራግፍ ነው እንግዲህ።

ካልበቃኝ ካልክ ፓኖራማ ስራ። ካሜራውን በቁሙ ያዝ፣ ኪቱን 35 ላይ አድርግ፣ ኤክስፖዠሩንም (የብርሃኑን መጠን) ዋይት ባላንሱንም (የቀለሙን ሚዛን) ቆልፈህ፣ ሲሶውን እያደራረብክ 5 ፎቶ አንሳ። ሲሰፋ ከ12,000 ፒክስል በላይ ወርድ ይኖረዋል። ሁጊን የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይሰፋልሃል።

ደግሞ እባክህ በጄፔግ ብቻ አታምጡብን። ሮው (ካሜራው ያልነካካውን ሙሉ ፋይል) አንሳ። ስልክ ላይ ያማረ ሰማይ ወረቀት ላይ ሲወጣ መስመር መስመር የሚሰራው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ ደንበኛው ግን የሚጮኸው እኛ ላይ ነው።

ባለ ፉል ፍሬም፦
ኧረ ቀስ በሉ። ፉል ፍሬም ከንቱ አታድርጉት። 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሴንሰር ከእሱ 22.3 በ14.9 ጋር ሲተያይ ስፋቱ 2.6 እጥፍ ነው። ያን ያህል ተጨማሪ ብርሃን ይቀበላል። ማለዳ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባ ሲወርዱ አንሱ እስኪ፤ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሰዉም ጀልባውም እየተንቀሳቀሰ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ሳትሰቅሉ አይሆንም። እዚያ ላይ 6ዲ ንጹሕ ነው፣ 700ዲ ግን አሸዋ ይነሰንስበታል። ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ሐይቅ ዳር፦
እሱማ ልክ ነህ፣ ለሚንቀሳቀስ ነገር። ተራራ ግን የትም አይሄድም። ትራይፖድ ላይ አስቀምጠህ አይኤስኦ 100 ካደረግክ በኋላ ሻተሩ 4 ሰከንድ ቢፈጅ ማን ይከለክልሃል? ሌላም ነገር ልጨምር። የዚያን ዘመን ካኖኖች 6ዲንም ጨምሮ ጥላው ውስጥ ያለውን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ስታፈኩት ቆሻሻ ያወጣሉ። በአይኤስኦ 100 ኒኮን ዲ7200፣ ክሮፕ ሆኖ፣ ጥላ በማፍካት 6ዲን ይበልጠዋል። ስለዚህ የሴንሰሩ ስፋት ብቻውን አይነግርህም፤ የማን ሴንሰር፣ የየትኛው ዓመት የሚለውም አለ። ቦዲውን ካልቀየርኩ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ ቢያንስ ይህን አይተህ ቀይር።

ባለ 700ዲ፦
ኡፍ፣ ገላገላችሁኝ። 6ዲው ቀረ። ግን 10-18 ጨርሶ አያስፈልግም ነው የምትሉኝ? ፍቅር ሐይቅ ጋ ጀልባዎቹን ከፊት አድርጌ ማታ ጀምበር ስትጠልቅ ማንሳት አምሮኛል። ትራይፖድስ የትኛውን ልግዛ?

ታቦር ሰፈር፦
ለእሱ ነው እንጂ 10-18 የተፈጠረው። ዋይድ ከፊቱ የሚጎርሰው ነገር ይፈልጋል። ጀልባው አፍንጫህ ስር ይሁን፣ በእግርህ ተጠጋ፣ ዝቅ በል። 10 ላይ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 አድርገህ ፎከሱን 1 ሜትር ላይ ብታቆመው ከግማሽ ሜትር ጀምሮ እስከ ማዶ ድረስ ሁሉም ሻርፕ ነው። ከኤፍ 11 በላይ አትዝጋው፣ በክሮፕ ከዚያ በኋላ ምስሉ መለስለስ ይጀምራል።

ግን መጀመሪያ 55-250ውን ግዛ። 10-18 ይቆይ፤ ኪትህ 18 ላይ ጀልባውን ያስገባልሃል። ሌላው ጥቅሙ ደግሞ የአንተ ኪት ኤስቲኤሙ (STM የተጻፈበት) ከሆነ የፊልተሩ ክር 58 ሚሊ ሜትር ነው፣ 55-250ም 58። አንድ ፖላራይዘር (ሰማዩን የሚያጠቁር ፊልተር) ለሁለቱም ይሆናል። የ10-18ቱ ግን 67 ነው። ደግሞ ፖላራይዘር በጣም ዋይድ ላይ ሰማዩን በአንድ ወገን ብቻ አጥቁሮ ያበላሽብሃል። ጉልበቱ ፀሐይን በጎንህ ስታደርጋት ነው። ሐዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ማታ ማታ ከፀሐይ ጋር ፊት ለፊት ነህ፣ ያኔ ለሰማዩ ብዙም አይፈይድልህ፤ አውልቀው። ማዶ ያሉት ተራሮች ብርሃን የሚያገኙት ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ከጀርባህ ስትሆን። በበጋ አቧራው ያደበዝዛቸዋል፣ በ250 ስትስባቸው ደግሞ ያው አቧራ አብሮ ይሳባል። ክረምት ላይ ዝናብ አባርቶ ሰማይ ሲከፈት ሩጥ።

ትራይፖድ ለቪዲዮ የሚሸጡትን፣ እግራቸው እንደ ፌንጣ የቀጠነውን አትግዛ። ከሰዓት ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሳ አብሮ ይጨፍራል። ቦርሳህን መሀሉ ላይ አንጠልጥል፣ መሀለኛውን ዘንግ አትምዘዘው፣ አይኤሱን (የሌንሱን መንቀጥቀጥ መከላከያ) አጥፋ፣ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀም። ፎከስህን ላይቭ ቪው ላይ 10 ጊዜ አጉልተህ እይ።

ባለ 700ዲ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሐዋሳ ወይ ሻሸመኔ ያገለገለ 55-250 ያለው ሰው በውስጥ ያናግረኝ።

ሐይቅ ዳር፦
ኤስቲኤም የሚለውን ምረጥ፣ ከድሮዎቹ ይሻላል። ብሩን ከመስጠትህ በፊት የስልክህን ባትሪ መብራት ከኋላ አብርተህ በፊት በኩል ወደ ውስጥ እይ። ትንሽ አቧራ ችግር የለውም። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየህ ግን ሻጋታ ነው፣ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አትውሰደው። ዙሙን ከ55 እስከ 250 አዙረህ የሚይዝህ ቦታ እንዳለ፣ አውቶ ፎከሱም ቅርብም ሩቅም እንደሚይዝ ሞክር። 700ዲህን ይዘህ ሂድ፣ «እቤትህ ገብተህ ትሞክረዋለህ» ካለህ ተወው።