የልጆች ደራሲ ነኝ፤ የወንጀል ልብ ወለዴን በብዕር ስም ላውጣው?

ጤና ይስጥልኝ። የምታወቀው በልጆች ተረት መጻሕፍት ነው። አሁን ደም የበዛበት የወንጀል ልብ ወለድ ጨርሻለሁ። ወላጆች ስሜን አምነው ለልጆቻቸው እንዳይገዙት በብዕር ስም ላሳትመው አስቤአለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ስለሚፈቅድ ሕጋዊነቱ አያሳስበኝም፤ የቸገረኝ አሠራሩ ነው። ከአከፋፋዩ ጋር በመታወቂያ ስሜ ስፈራረም ምስጢሩ እንዳይወጣ ውሉ ላይ ምን ላስገባ? ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሳስመዘግብስ ሁለቱንም ስም ልስጥ?

ደግሞ አባቴ አሉ። የመጀመሪያ መጽሐፌን ስማቸው ሽፋኑ ላይ ስላለ ብቻ ለጎረቤቱ ሁሉ ያሳዩ ሰው ናቸው፤ አሁን ሲጠፋ ቅር ይላቸዋል። የራሴን ስም ትቼ የእሳቸውን ባስቀርስ? ወይስ ያኔ ወዲያው እታወቃለሁ? በዚህ ያለፋችሁ ደራስያን፣ እባካችሁ ምከሩኝ።